ከላይ ቤት

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በእኩለ ሌሊት፣
ከዚያ ጣራዬ ላይ አየሁ፣ ቅርጿ የተዛባ ደሴት፤
ቀጥሎ ቀሚሱን አገኘው፣ ለቅዳሜ ልሰፋው የያዝኩት፣
የዱልሴ ልጅ የሙሽራ ልብስ፣ በሁለት ኪሎ ስኳር የተዋዋልኩት።

መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ፣ ሃያ ሁለት ደረጃ፣
የረጠበው ሐር በክንዴ፣ ለክሴ ይሆነኝ ማስረጃ።

ኤውሴቢዮ በሩን ከፈተ፣ እስከ ካልሲው ድረስ ረጥቦ፣
በአንድ እጁ ባልዲ ይዞ፣ በሌላው እራፊ ጨርቅ ሰብስቦ፤
ይቅርታ እንኳ አልቀደመውም። «ኒዲያ፣ ነይ ግቢ» አለኝ፣
«ሦስት ሰዓት ሙሉ እኮ ቻለ!» ብሎ በኩራት አየኝ።

ወለሉ መሃል ሳጥን አለ፣ ውሃው ከግማሽ የጎደለ፣
ጎኑ አራት መስታወት ነው፣ ከየት እንደመጣ ያልተባለ፤
(እኔ ግን አወቅኩት። ከተዘጋው ፋርማሲ ነው፣
«ፋርማ» የሚል ቀይ ፊደል፣ ከጥጉ ገና አልለቀቀው።)
ታቹ ደግሞ እብነ በረድ፣ የሥጋ ቤት ጠረጴዛ፣
«ሥጋው ራሱ ከጠፋ ማን ይፈልገዋል?» አለኝ እንደ ዋዛ፤
ሲሊኮኑ ግማሽ ቱቦ፣ ከመርከብ ጠጋኝ ዘመድ፣
አራተኛውን ጥግ በሻማ ሰም ደፈነው፣ ሲያጣ ሌላ መንገድ።
መቆሚያው ሁለት የቢራ ሳጥን፣ በላዩ የአልጋ ሳንቃ፣
ውሃው ሲከብደው ለመጠ፣ የሰሙም ጥግ ነቃ።
ሰሙ ሲነቃ እኔም ነቃሁ።

«ዓሣዎቹስ የታሉ?» አልኩ። መስኮቱ ላይ አንድ ብልቃጥ፣
ውስጡ ሰባት ጓሃኮን፣ ርዝመታቸው ከጥፍር የማይበልጥ፣
ከዩሙሪ ወንዝ ዳር ቦይ፣ በሻይ ማጥለያ የጨለፋቸው፣
ግራጫ፣ ተራ፣ ማንም ሰው ዋጋ የማይሰጣቸው።
«ለእነዚህ?» አልኩት፣ «ድመት እንኳ ዞር ብላ ለማታያቸው?»

አልመለሰም። ብልቃጡን አንሥቶ አምፖሉ ሥር ያዘው፤
አንዷ ዞረች። እርጉዝ ናት። ሆዷ እንደ ስስ ወረቀት ነው፣
በቆዳዋ ውስጥ ነጥብ ነጥብ፣ ገና ያልተወለደ ዓይን፣
ደርዘን የሚሞላ ዓይን፣ እኔንና መጥረጊያዬን ሲያየን።

ቁጣዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም።
ወረድኩ።
የስፌት መኪናዬ ራሱ ከሞተ ሰነበተ፣
መለዋወጫው ጠፍቶ፣ ጥርሱ እንደ አሮጊት ረገፈ፣ ተሸረፈተ፤
እግሩ ግን የቀድሞ ብረት፣ አበባ የተፈለፈለበት፣
አንድም ቀን ያልተነቃነቀ፣ ሠላሳ ዓመት የረገጥኩበት።

«መካኒክ ባልሆንም» አልኩት፣ «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልንገርህ፣
አርባ ሊትር አርባ ኪሎ ነው፣ ሳንቃ አይችለውም፣ ይቅርብህ፤
ስፌትም የሚተረተረው ጥግ ላይ ነው፣ ስፋው ደርበህ።»

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በሲሪንጅ መጣ፣ አንዲት ጭላፊ፣
እሱ ሰሙን በምላጭ ፋቀ፤ ጣቴን አርሼ ዳመጥኩት እኔ ሰፊ፤
ደረጃው ሁሉ ኮምጣጤ ሸተተ፣ ጎረቤት ሰላጣ መሰለው፣
ሰባት ቀን ሳንነካው ደረቀ፣ በስምንተኛው ሞላነው።
ያን ሌሊት ጣራዬን እያዳመጥኩ አደርኩ።
ምንም።
ምንም እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።
(ቀሚሱን? እድፉን በጥልፍ ሸፈንኩት። ስኳሩ አንድ ኪሎ ሆነ።)

ነሐሴ ላይ መብራት ጠፋ፣ አሥራ ስምንት ሰዓት በተከታታይ፣
የአየር ሞተሯ ዝም አለች፤ ዓሣዎቹ አፋቸው ወጣ ወደ ላይ፤
ማታንሳስ ከነድልድዮቿ ጨለማው ውስጥ ተሰወረች፣
በሩ ጋ አንዲት ሻማ ብቻ፣ ያው ሰም፣ ዛሬ ለሥራዋ በራች።
ኤውሴቢዮ የብስክሌት መንፊያ ከመርገጫዬ ጋር አሰረ፣
በቀጭን የጉሉኮስ ቱቦ ትንፋሽ ወደ ውሃው አሻገረ።
«በቀስታ» አለኝ። እኔን? ሐር የሰፋሁትን ሴት?
እግሬ ሳይጠይቅ አገኘው የድሮውን ምት፤
አረፋው ተራ በተራ ወጣ፣ እኩል እኩል፣ እንደ ስፌት።

ሲነጋ እናቲቱ ቀጥናለች። ሣሩ መሃል ቅንድብ የሚያህሉ፣
ዓይኖች ብቻ ናቸው፣ ጅራት ያበቀሉ።
እሱ አሥራ ዘጠኝ ይላል፤ እኔ ሃያ አንድ ቆጥሬአለሁ፤
ዛሬ ማታ ደግሜ ልቆጥር፣ መጥረጊያ ሳልይዝ እወጣለሁ።